ግማሽ ምርቃት

ድምፄ በባጃጅ ተጭኖ ሲያልፍ የሰማሁት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ደጄ ላይ ካለችው ድንጋይ ተቀምጬ ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር። እኔ እዚህ፣ ድምፄ እዚያ። "ልጄን እግዚአብሔር ይባርከው፣ እጁን ያለምልምለት፣ የጀመረውን ያስፈጽመው" ትላለች አንዲት ሴትዮ በድምፅ ማጉያ፤ ከዚያ ሕዝቡ "አሜን" ይላል፤ ከዚያ ሙዚቃ ይገባና አንድ ጎረምሳ "ምረጡ" እያለ ይጮሃል። መጀመሪያ፣ ይቺ የማን አሮጊት ናት አልኩ በሆዴ። ሰው የራሱን ድምፅ አያውቅም። ያወቅኩት በሳሏ ነው፤ "ያለምልምለት" ካለች በኋላ ትንሽ ሳል አለች፤ ከሁለት ክረምት በፊት ሲያመኝ የቀረችብኝ። ሳሌን ሳይቀር ይዘውት ሄደዋል። ጎረቤቴ ማርታ ከማዶ ሆና "እማማ ጥሩነሽ፣ ባጃጅ ገዙ እንዴ?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ባጃጁ ወደ መናኸሪያው ሲታጠፍ ግን ጎመኑ እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ ምርቃት ግማሹ የለም።

ሐሙስ ዕለት የምርጫ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው፤ የተቆረጠውን ልንገራችሁ። "የጀመረውን ያስፈጽመው" ካልኩ በኋላ፣ "እናንተንም፣ አስፋልቱን በዓይናችሁ ሳታዩ እንሰታችሁን ከመቁረጥ ይሰውራችሁ" ብዬ ነበር። ሕዝቡ ለሱም አሜን ብሏል። ለከተማ ሰው ይህ የአሮጊት ቅዠት ሊመስለው ይችላል፤ እንሰት ከምርጫ ጋር ምን አገናኘው ይላል። ለኔ ግን የምርቃቱ ፍሬ እሱ ነበር፤ የፊተኛው ልጣጩ ነው። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። ስለዚህ አጻጻፌም እንደ ባጃጅ ነው፤ በየቅያሱ ይታጠፋል። ታገሱኝ።

ያኔ ኮንጋ ገጠር ነበርኩ፤ አዲስ ሙሽራ። ዛሬ የምኖርባት ዲላ ለኛ ሌላ አገር ነበረች። እስከ ይርጋጨፌ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና፣ ከቡና ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው የምንመጣው። ኮንጎ የሚሉትን የላስቲክ ጫማዬን በእጄ እይዝና ከተማው ሲቃረብ እግሬን ቦይ ውስጥ ታጥቤ አደርገዋለሁ፤ ስመለስ ደግሞ እዚያው ቦይ ጋ አወልቀዋለሁ። እንዲያ ሆኖ ያ ጫማ አራት ዓመት አገለገለኝ። ባሌ ካኪ ሱሪ ነበረው፤ ለገበያና ለለቅሶ ብቻ የሚለብሰው፤ ፍራሽ ሥር አጥፈን ስለምናስተኛው የተተኮሰ ይመስል ነበር። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የአንድ አረብ ሱቅ ነበረች። ጨው በጣሳ፣ ላምባ በጠርሙስ፣ በአምስት ሳንቲም ሦስት ከረሜላ። ሰውየው ራዲዮኑን መስኮቱ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የአኮርዲዮን ዘፈን ሲመጣ መንገደኛው ሁሉ ረገጥ ረገጥ እያለ ያልፋል። እኔ ከዚያ ሱቅ ስሙኒ ሰጥቼ ቀይ ሻሽ ገዛሁ፤ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ፣ ቀይነቱ ሄዶ። ሱቁ ዛሬ የሞባይል መጠገኛ ሆኗል። ባለፈው የስልኬን ባትሪ ላስቀይር ገብቼ ዓይኔ ራዲዮኗን መስኮቱ ላይ ሲፈልግ ያዝኩት።

ያን ቀይ ሻሽ አስሬ ገበያ የወጣሁ ቀን ነው የመንግሥት ላንድሮቨር ኮንጋ የመጣው። የላኩት ንጉሡ ይሁኑ ከሳቸው በኋላ የመጡት፣ እሱን ለተማሩት ልተው። ሰዎቹ ይቀያየራሉ፤ ላንድሮቨሩ ግን ሁልጊዜ ያው ይመስለኝ ነበር። በጣሪያው ላይ የጥሩምባ አበባ የመሰለ ነገር ታስሯል። አንድ ሰውዬ ተረሊን ሱሪ ለብሶ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ የመኪናው ደረጃ ላይ ቆሞ ተናገረ። ከዚያ በፊት የሰው ድምፅ ከሰውየው በልጦ ሲወጣ ሰምተን አናውቅም። ነገሩ ሳይሆን ድምፁ ነው የገዛን ብል አልዋሸሁም። እንዲህ አለ፦ መኪና መንገድ በዚህ ያልፋል፤ ቡናችሁ ከደጃችሁ ይጫናል፤ ወላድ በቃሬዛ አትሄድም። ቀጠለና፣ የመንገዱን ቦታ አጽድቶ የጠበቀ መንደር ቅድሚያ ያገኛል አለ። ቀድሜ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ አዲስ ሻሽ አስሬአለሁ፣ ልጅ ነኝ፣ ድምፄ ጥሩ ነው። ከኔ ቀጥሎ የሴቱ እልልታ ተነሳ፤ ሰውየው ጣቱን ወደ እኔ ዘርግቶ "እናቶቻችን ገብቷቸዋል" አለ። እኔ እንኳን እናት ልሆን፣ ገና እርጉዝም አልነበርኩም።

ከዚያ የሆነውን የኛ አገር ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ከወንዝ ማዶ ያለው መንደር ቀድሞን እንዳያጸዳ ብለን በሳምንቱ እንሰት መቁረጥ ጀመርን። እንሰት እንደ በቆሎ አይደለም። ትተክለዋለህ፣ ትነቅለዋለህ፣ ቦታ ታዛውረዋለህ፣ ልጅህ ጡት ጥሎ ከብት እስኪጠብቅ ድረስ ነው የሚደርሰው። ትልቁም ትንሹም ተቆረጠ። ቤት ለቤት ተጠራርተን ስንፍቅ ሰነበትን፤ እግራችንን ሳንቃው ላይ ሰቅለን፣ የቀርከሃ መፋቂያውን ይዘን፣ ክንዳችን እስኪያብጥ። ያልደረሰው ደግሞ ውሃ ብቻ ነው፤ ቆጮ እንዲሆን ጉድጓድ ውስጥ የቀበርነው ገሚሱ በሰበሰ። መንደሩ ሁሉ የተቆረጠ እንሰት ሸተተ፤ ያ የእርጥብ፣ የጥሬ፣ ጎምዘዝ ያለ ሽታ። እየዘፈንን ነበር ደግሞ። ዘፈኑን አስታውሰዋለሁ፤ አልጽፈውም፤ ያሳፍረኛል።

አማቴ ብቻ አልቆረጠችም። ከጎጆዋ ጀርባ ያሉትን ጥቂት እንሰቶች ትዞራቸዋለች፣ ኮባቸውን ታነሳሳለች። ወንዶቹ መጥተው "መንገዱ በዚህ ነው እኮ" ሲሏት፣ "ሲመጣ ለራሱ እነግረዋለሁ" አለቻቸው። መንገዱ አልመጣም። በመጀመሪያው ዓመት ጠበቅነው፣ በሁለተኛው አማነው፣ በሦስተኛው ራበን። ቡና ዋጋው ወድቆ በቆሎ ከገበያ ጠፍቶ በነበረበት በዚያ ክረምት፣ የኛ ቤት ሰው የበላው ከአማቴ ጎጆ ጀርባ ነው። የእንሰቱን ሥር፣ አሚቾውን፣ ቀቅላ ስታቀርብልኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አልሰደበችኝም፤ ሳህኑን አስጠግታልኝ "እልልታሽ ጥሩ ነበር" አለችኝ ብቻ። ስንት ዓመት ሆነው፤ ባሌ ሞተ፣ እሷም ሞተች፣ እኔ ዲላ መጥቼ በሰው መጋዘን ቡና ስለቅም አረጀሁ። ያቺ ቃል ግን እንደ ሳሌ ነች፣ አልለቀቀችኝም።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮ። ታምራት የወንድሜ ልጅ ነው፤ ዘንድሮ ለአንዱ ፓርቲ ይወዳደራል። ልጁ ክፉ አይደለም። ወንድሜ ሲሞት ሁለት ዓመት እኔ ቤት በልቶ ነው የተማረው። ሙዝ ይዞ መጣና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ።

"እቴቴ፣ ሐሙስ አደባባይ ላይ ሁለት ደቂቃ ብቻ። ትመርቂኝና ትቀመጫለሽ።"

"ምን ብዬ?"

"እኔ ላስተምርሽ ነው እንዴ ምርቃት? እንደ ወትሮሽ ነዋ።"

"የኮንጋን መንገድ ልትናገር ነው አሉ።"

"አስፋልት ነው የምናስገባው፣ አስፋልት።"

"መቼ?"

"እቴቴ ደግሞ። መጀመሪያ ልመረጥ እንጂ።"

እምቢ ለማለት አፌን ሳሟሽ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን እያሰረ፣ "የሰናይትን ኮንትራት አይቼዋለሁ። ሰኔ ላይ ያልቃል አይደል? አታስቢ፣ በእጃችን ነው" አለኝ። ሰናይት የልጅ ልጄ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ኖራ፣ አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ትሠራለች። ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ታምራት በክፋት አላለውም፤ እንዲያውም ደስ ሊያሰኘኝ ነው። ነገር ግን ሰው "በእጃችን ነው" ሲልህ፣ ጣቱ የሚዘጋውም የሚከፈተውም በሱ ፈቃድ ነው። ሙዙን በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቲሸርት አለበሱኝ። ከቀሚሴ በላይ፣ ከነጠላዬ በታች፤ ታምራት ደረቴ ላይ በፎቶ ሆኖ ይስቃል። ኮፍያም ሊያደርጉልኝ ሲሉ ሻሼን ይዤ እምቢ አልኩ። ከፊት ወንበር አስቀመጡኝና ንግግሩ ተጀመረ። እኔ የምርጫ ንግግር ስሰማ ዕድሜዬን ሙሉ ነው፤ ስለዚህ እንደ ቡና ለቃሚ ነው የምሰማው፣ ድንጋዩን ከፍሬው እየለየሁ። ተናጋሪው ውሃ እንደሌለኝ፣ ወገቤ በጄሪካን እንደጎበጠ፣ ልጄ ሥራ እንዳጣ፣ ከኔ በላይ አሳምሮ ነገረኝ። ሲጨርስ እንባዬ መጣ፤ ችግሬ የተፈታ መሰለኝ። ቤቴ ስገባ ግን ጄሪካኑ ባዶ ነው። ችግሬን መንገር መፍትሔ ከሆነ ቆይቷል። ያልተሠራው ሁሉ "በሂደት ላይ" ነው። ያለፉት ምንም አልሠሩም ይላል፤ ካለፉት ግማሾቹ ከኋላው ቆመው ያጨበጭባሉ። መንገድ ይሠራል ይላል፣ ማን ይሠራዋል፣ መቼ፣ አይልም፤ መንገዱ እንደ እንጉዳይ ከዝናብ በኋላ ብቻውን የሚበቅል ይመስላል። ለሌሎቹም ፓርቲዎች ላድላ ብዬ አይደለም። የነሱንም ሰምቻለሁ፤ ያው ነው፣ ሞንታርቦአቸው ያንሳል እንጂ። የእንሰት ቅጠል ቆርጠህ ጠዋት ደጅ ላይ ብትዘረጋው አረንጓዴ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ያማረ ነው። ማታ ስትመጣ ጥቅልል ብሏል። ሥር የለውማ።

ስሜ ተጠራና ማይኩን ሰጡኝ። ከፊቴ ያለው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ከወረዳዎቹ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ አለ፤ ነጠላቸውን ያጣፉ የገጠር ሴቶች አፌን ያያሉ። ያቺ ቀይ ሻሽ ያሰረች ልጅ ትዝ አለችኝ። ብመርቅ እንደገና እልል ማለቴ ነው። ባልመርቅ የገዛ ወንድሜን ልጅ በአደባባይ አዋረድኩ፣ የሰናይትንም እንጀራ ነካሁ። ስለዚህ ሁለቱንም አልኩ። ልጁን መረቅኩት፤ የሥጋ ዘመዴ ነውና ከልቤ ነው። ከዚያ ሕዝቡን መረቅኩ፣ በእንሰቱ። አሜን ሲሉ አንድ ትልቅ ሸክም ከጀርባዬ ወረደ። ወጥመዱን ያመለጥኩት መስሎኝ ነበር። ለካ ምርቃትም ይቆረጣል።

ቅዳሜ ባጃጁ ካለፈ በኋላ ታምራት ጋ ደወልኩ።

"ታምራት፣ ግማሹን የት አደረግከው?"

"የምኑን?"

"የምርቃቱን።"

"ኧረ እቴቴ። ልጆቹ ናቸው የሠሩት። ረዘመ ብለው ነው።"

"ምርቃት ይረዝማል እንዴ?"

"ማስታወቂያ ሠላሳ ሰከንድ ነው። ደግሞ ስለ እንሰት ያልሽው ለከተማ ሰው አይገባውም። አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ።"

ስልኩን ሳላስቀምጥ ሌላ ጥሪ ገባ። በላይነሽ ናት፣ የባሌ እህት፣ ከኮንጋ። ደስታዋ በስልኩ ፈሰሰ። "ጥሩነሽ፣ ሰማንሽ። በሞባይልም ደርሶናል። ጥሩነሽ ከመረቀችውማ ዘንድሮ እውነት ነው ብለን፣ ነገ ከቸርች መልስ የመንገዱን ዳር ልናጸዳ ነው። አንዳንዱ ዛሬውኑ ጀምሯል።" ምን እንደሚያጸዱ አልጠየቅኳትም።

ሰናይት ወደ ማታ ገብታ ስነግራት ባጇን ከአንገቷ ሳታወጣ ተቀመጠች። "አያቴ፣ ፕሊስ። በስልክ ንገሪያቸው።"

"በስልክ የሚደርሳቸው ድምፄማ ግማሹ ብቻ እንደሆነ አየሁት።"

"ታምራት ቢሰማስ? ገና ሊስት አልወጣም እኮ። ማን እንደሚቀጥል አይታወቅም።" ድምፅዋ ቀነሰ። "የማንንም አልናገርም፣ የማንንም አልነካም ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት።" ልጄን አየኋት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አሁኑኑ እንደኔ ድምፅዋን ዋጥ አድርጋ መናገር ለምዳለች። እራት አቀረበችልኝ፤ እሷ ግን አልበላችም።

እሑድ ማለዳ ሚኒባስ ይዤ ይርጋጨፌ ወረድኩ፤ ከዚያ ሞተር። በሰባ ምናምን ዓመቴ ሞተር ላይ ስወጣ ሞተረኛው፣ "እማማ፣ ወገቤን ይያዙ እንጂ አንገቴን አይያዙ" አለኝ። ቡና ማጠቢያውን ስናልፍ መንገዱ ጠበበ፣ ጭቃው መጣ፣ ሁለቴ አውርዶኝ በእግሬ አስኬደኝ። ያኔ የሄድኩበት መንገድ ነው፤ አንድ ድንጋይ እንኳ አልተጨመረበትም። ከመንደሩ ሳልደርስ ሽታው ተቀበለኝ፤ እርጥብ፣ ጥሬ፣ ጎምዘዝ ያለ። ሁለት ቤት ቀድመው ቆርጠዋል። ግንዱ በጭቃው ላይ ተጋድሟል፣ ነጩ ውስጡ ወጥቶ።

በላይነሽን ከእናቷ፣ ከአማቴ ጎጆ ጀርባ፣ ገጀራ ይዛ፣ ጎረቤቶቿን ሰብስባ አገኘኋት። አቅፋ ሳመችኝ። "አይ ጥሩነሽ፣ አንቺው ልታስጀምሪን መጣሽ።"

"ላስቆማችሁ ነው የመጣሁት።"

የበላይነሽ ልጅ ሚስት ዘሪቱ ስልኳን አውጥታ፣ "ይኸው እማማ፣ እርስዎ ነዎት እኮ" ብላ ከፈተችው። ሳሌ መጣች። ሕዝቡ አሜን አለ። የቆሙት ሴቶች ስልኩን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔ በሥጋዬ ፊታቸው ቆሜ።

"ድምፁ ያንቺ ነው አይደለም?" አለች በላይነሽ።

"የኔ ነው። ግን ግማሽ ነው።"

"ለኛ ግማሹም በቃን። ሙሉ ነገርማ መቼ ደርሶን ያውቃል?" ገጀራውን ወደ ዘሪቱ ቀሰረችው። "ይቺ ባለፈው ክረምት ስትወልድ አራት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ሁለቴ ወደቁ። አንቺ አስፋልት እየረገጥሽ፣ ባጃጅ በደጅሽ እያለፈ፣ እኛን ትከለክያለሽ?"

መንገዱን እኔም እፈልገዋለሁ። ውሸት ቢሆን ፍላጎታችን፣ ምረጡን ባዮችን ማንስ ያምናቸው ነበር? እነሱ እጃቸውን የሚያሳርፉት በእውነተኛ ቁስላችን ላይ ስለሆነ ነው የሚሞቀን። ከጎጆው ግድግዳ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ያሉት እንሰቶች የአማቴ እንሰቶች ልጆች ናቸው፤ እሷ የተከለችበት ቦታ ላይ።

"በላይነሽ፣" አልኳት፣ "በዚያ በራበን ክረምት ስንት ዓመትሽ ነበር?"

"ጥርሴን የቀየርኩ ጊዜ ነው።"

"ምን በላሽ?"

የምታውቀውን ነው የጠየቅኳት። የገጀራው ጫፍ ወደ መሬት ዝቅ አለ።

"እናትሽ አሚቾውን አስጠግታ ምን አለችኝ?"

"እልልታሽ ጥሩ ነበር አለችሽ።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እኛ ልጆቹ ለብዙ ጊዜ እየተሰዳደብንበት ኖረናል" አለች። አንዲት ሴት ሳቀች፣ ወዲያው ተወችው።

ተነሳሁ። ማይክ የለም፣ ሞንታርቦ የለም፤ አንገቴን አቅንቼ ምርቃቱን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ልጄን እግዚአብሔር ይባርከው አልኩ፤ አሜን አሉ። የጀመረውን ያስፈጽመው፤ አሜን። ዘሪቱ ሁለተኛ ስትወልድ በመኪና ያድርሳት፤ አሜን፣ ይህ ከሁሉ ጮክ ያለ ነበር። እናንተንም አስፋልቱን በዓይናችሁ ሳታዩ እንሰታችሁን ከመቁረጥ ይሰውራችሁ። እዚህ ጋ አሜኑ ተሰባበረ። ዘሪቱ አለች፣ አሮጊቶቹ አሉ፣ ሁለት ወንዶች የተቆረጠውን እያዩ ዝም አሉ። በላይነሽ አላለችም። ስመለስ ግን ሞተሩ ጋ ድረስ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ ተከተለችኝ።

"ዘንድሮ አልቆርጥም" አለች። "አሜን ግን አላልኩም። መንገዱ ቢመጣና ቢያልፈን ባንቺ ነው።"

"በኔ ይሁን።"

ይኸው እሱም ተጨመረልኝ። ያኔ የቆረጡት በኔ ነበር፤ አሁን ያልቆረጡት በኔ ነው።

ዲላ ስደርስ ታምራት ሦስት ጊዜ ደውሎ ነበር። አራተኛውን አነሳሁት። "እቴቴ፣ ኮንጋ ሄደሽ ምን አልሽ?" አለኝ፤ ድምፁ የስብሰባ ድምፅ ነበር።

"መረቅኩህ።"

"ሰው እየሳቀብኝ ነው። የገዛ አክስቱ አላመነችውም እያሉ።"

"አንተን አምንሃለሁ። አስፋልቱን ነው ሳላይ የማላምነው።"

በረጅሙ ተነፈሰ። ልጅ ሆኖ ሲያጠፋ እንዲያ ነበር የሚተነፍስ። "የሰናይትን ነገር እንግዲህ እናያለን" ብሎ ዘጋው። በፊት በእጃችን ነው ነበር ያለው፤ አሁን እናያለን ሆነ። ሰናይት አጠገቤ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ቆጮውን ፈትታ በሁለት ቆረጠችው፤ ግማሹን ለማርታ ላከች፣ ግማሹን ለኛ ጋገረች።

የመራጭ ካርዴ መዝሙር መጽሐፌ ውስጥ ነው። ቀኑ ሲደርስ ሄጄ ጣቴን ቀለም እነክራለሁ፤ ማን ላይ እንደማደርግ ለራሴም ገና አልነገርኩም። የቤቱ አንዱ በር ወደ ታምራት ነው የሚወጣው፣ ሌላው ወደ በላይነሽ፤ በሁለቱም በር ላይ ሰው ቆሟል፣ ሁለቱም ዘመዴ ነው።

ዛሬ ሰኞ ነው። በማለዳ ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ባጃጁ እንደገና መጣ። "ልጄን እግዚአብሔር ይባርከው" አልኩ በማጉያው፤ ሳልኩ፤ "የጀመረውን ያስፈጽመው" አልኩ፤ ሕዝቡ አሜን አለ፤ ሙዚቃው ገባ። ባጃጁ ጉድጓድ ላይ ቀስ ሲል፣ እኔ ከተቀመጥኩበት የቀረውን ጨመርኩ፣ ድምፄን ሳላነሳ፣ ለጎመን እንደምናገር። "እናንተንም፣ አስፋልቱን በዓይናችሁ ሳታዩ እንሰታችሁን ከመቁረጥ ይሰውራችሁ።"

ማርታ ከማዶ፣ ያቀፈችውን ሕፃን እየደባበሰች፣ "አሜን" አለች። በቅዳሜው ሳቅ አይደለም። ልብስ የምታሰጣው ጎረቤቷም ደገመችው።

ሰናይት ለሥራ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባጇን አንገቷ ላይ አስተካከለች። ባጃጁን አየችው፣ ሾፌሩንም አየችው፤ ሾፌሩም አያት፤ በአንድ ሰፈር የሚተዋወቁ ናቸው፣ ለታምራት ምን እንደሚያወራ ታውቃለች። የበሩን መቀርቀሪያ መለሰችና በኔ በኩል ስታልፍ፣ ሾፌሩ እንዲሰማት ጮክ ብላ፣

"አሜን" አለች፤ ወደ ቢሮዋም ሄደች።